አስመሳይና ተመሳሳይ

በጅቡቲ ከተማ «ሾፌር» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው አይገኝም። ከዶራሌ ወደብ ጭነቱን ተረክቦ በጋላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚያመራውን የከባድ መኪና ነጂ የወደቡ ሠራተኛም፥ የጉምሩኩ ጸሐፊም፥ በመንገድ ዳር ሻይ የምትቀዳለት ሴትም በዚሁ ከፈረንሳይኛ በመጣ ስም ይጠሩታል። እንግሊዞች ይህንኑ ሰው ድራይቨር ይሉታል፤ ይኸው ስም በኮምፒዩተር ውስጥ ለሚገኝ ለአንድ ዓይነት ፕሮግራምም ተሰጥቷል። የዚህ ፕሮግራም ሥራ ኮምፒዩተሩና በገመድ የሚሰካበት መሣሪያ ይግባቡ ዘንድ በመካከላቸው ቃል ማመላለስ ነው። የደረሰኝ ማተሚያው፥ የጭነት ሚዛኑ፥ መርከብ ወይም መኪና ያለበትን ስፍራ የሚያመለክተው መሣሪያ፥ ሁሉም ያለ ድራይቨር በኮምፒዩተሩ ፊት ዲዳ ሆነው ይቀራሉ።

በዚህ ሳምንት ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው እንዲህ ያለ ድራይቨር «ማሻሻያ» ተብሎ ከሩቅ አገር ተልኮ፥ ባለቤቱ ሳይጠየቅና ሳያውቅ፥ ገንዘብ የተከፈለበትን መሣሪያ ከሥራ ውጭ ያደረገበትን ታሪክ ነው። ነገሩ የተጀመረው በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ ነው። ነገር ግን ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአሰብ በር ስለ ተዘጋ፥ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው በጅቡቲ ወደብ ሲያልፍ ኖሯል። ሚዛኑም፥ ማተሚያውም፥ ገመዱም የሚገባው በዚሁ በር ነውና ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ሆኖ አገኘነው።

ኤፍ.ቲ.ዲ.አይ. የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ተቋቋመ። የራሱ ፋብሪካ የለውም፤ የቺፕ ንድፍ እያወጣ በሌሎች ፋብሪካዎች ያሠራል። ቺፕ ማለት፥ ለቃሉ አዲስ የሆኑ አንባቢዎች ቢኖሩ፥ እጅግ ብዙ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ በአንዲት የሲሊከን ቅንጣት ላይ ተቀርጾ በጥቁር ቅርፊት የተሸፈነ ዕቃ ነው። የኩባንያውን ስም ያስጠራው ኤፍ.ቲ. 232 የተባለው ቺፕ ቁመቱ 1 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ሥራውም አስተርጓሚነት ነው፤ ቀድሞ በኮምፒዩተር ጀርባ በነበረው «ሲሪያል» በተባለው መስመር የሚናገሩ መሣሪያዎችን ንግግር ዛሬ በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ ወደሚገኘው ወደ ዩ.ኤስ.ቢ. ይመልሳል። ያ አሮጌ መስመር ሞተ ቢባልም አልሞተም። ሚዛን የሚሠሩ፥ የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሠሩ፥ የሬዲዮ መገናኛና የፋብሪካ መቈጣጠሪያ የሚሠሩ ሁሉ እስካሁን ይጠቀሙበታል፤ ቀላልና የታወቀ ስለ ሆነ የሚተዉበትን ምክንያት አላዩም።

ማንኛውም በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ ዕቃ ገና ሲሰካ ሁለት ቁጥሮች ይናገራል። አንዱ የሠሪውን ማንነት፥ ሁለተኛው የዕቃውን ዓይነት ያስታውቃል። የሠሪውን ቁጥር የሚያድለው የዩ.ኤስ.ቢ. ማኅበር ሲሆን፥ የኤፍ.ቲ.ዲ.አይ. ቁጥር 0403፥ የዚህ ቺፕ ቁጥር ደግሞ 6001 ነው። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሰምቶ የትኛውን ድራይቨር እንደሚጠራ ይወስናል፤ በጉምሩክ በር ላይ ታርጋው ተነቦ መኪናው ወደ ተመደበለት መስመር እንደሚመራ ማለት ነው።

ቺፑ በብዛት ስለ ተፈለገ አስመሳይ ተነሣበት። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ የቺፕን ቅርፊት በአሲድ እያሟሙ ውስጡን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ዋናውንና አስመሳዩን ኤፍ.ቲ. 232 ወስደው ከፈቱ። በላያቸው የነበረው ስም አንድ ነው፤ ውስጣቸው ግን ምንም አይገናኝም። ዋናው ለዚሁ ሥራ ብቻ የተነደፈ ነው። ሌላው ግን ማይክሮኮንትሮለር የሚባል፥ ልዩ ልዩ ሥራ ሊያስተምሩት የሚቻል ትንሽ ኮምፒዩተር ሆኖ፥ የዋናውን ጠባይ እንዲያሳይ ትእዛዝ የተጻፈበት ነበረ። እኛን የገረመን ሌባው ንድፉን እንኳ አለመስረቁ ነው። ራሱ ደክሞ ሌላ ንድፍ አውጥቷል፤ የሰረቀው ስሙን ብቻ ነው። ይህን ያህል ዕውቀት ያለው ሰው በገዛ ስሙ ቢሸጥ ምን በከለከለው ያሰኛል።

እዚህ ላይ አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ ክቡራን ሹማምንት ጥቂት ከቃሉ ጋር እንድትቈዩልን እንለምናለን። «መሰለ» ከሚለው ግሥ ሁለት ቃላት ይወጣሉ። «ተመሳሳይ» ማለት ከሌላው ጋር የሚመሳሰል ማለት ነው፤ ነቀፋ የለበትም፤ ወንድማማቾች ተመሳሳይ መልክ ሊኖራቸው ይችላል። «አስመሳይ» ማለት ግን ያልሆነውን ሆኖ ለመታየት የሚጥር ነው፤ በቃሉ መጀመሪያ ያለችው «አስ» አድራጊነትን፥ በዚህም ስፍራ ሆነ ብሎ መሥራትን ታመለክታለች። ሰውን አስመሳይ ብሎ መጥራት ስድብ ነው፤ ተመሳሳይ ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም። «ምትክ» የሚለው ሦስተኛው ቃል ደግሞ በአንዱ ስፍራ ሌላው መግባቱን ብቻ ይናገራል። በመጋዘንና በግዢ ክፍል ክርክር የሚያስነሣው የእነዚህ ሦስት ቃላት መቀላቀል ነው።

ለምሳሌ ያህል፥ አንድ የቻይና ኩባንያ በናንጂንግ ከተማ የሚያወጣው ሲ.ኤች. 340 የተባለው ቺፕ ኤፍ.ቲ. 232 የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ዋጋውም በጣም ዝቅ ያለ ነው። የራሱ ስም፥ የራሱ ቁጥርና የራሱ ድራይቨር አለው። ይህ ተመሳሳይ ነው፤ ለብዙ ሥራም ምትክ ሊሆን ይችላል። በላዩ የኤፍ.ቲ.ዲ.አይ.ን ምልክት አትሞ፥ ሲሰካም 0403 ነኝ የሚለው ግን አስመሳይ ነው። ጥፋቱ ርካሽ መሆኑ ወይም ከሩቅ ምሥራቅ መምጣቱ አይደለም።

ኤፍ.ቲ.ዲ.አይ. በዚህ ነገር መከፋቱ አያስደንቅም። ድራይቨሩን የሚጽፈውና የሚያድሰው በራሱ ወጪ ነው፤ አስመሳዩ ያለ ዋጋ ይገለገልበታል፤ መሣሪያው ሲበላሽም የሚወቀሰው ስሙ የታተመበት ኩባንያ ነው። ነገር ግን የመረጠው መንገድ ዓለምን አነጋገረ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 መጨረሻ አዲስ ድራይቨር ተዘጋጀ፤ በኦክቶበርም ወር፥ በእኛ አቈጣጠር በጥቅምት 2007 ዓ.ም. መሆኑ ነው፥ በማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ማሻሻያ መስመር አማካይነት ወደ ተጠቃሚዎች ኮምፒዩተር ገባ። ይህ መስመር ባለቤቱ እጁን ሳያነሣ ዕቃ የሚያስገባ በር ነው።

የዘዴውን ብልሃት ሳናነሣ አናልፍም። ዋናው ኤፍ.ቲ. 232 በማስታወሻ ክፍሉ ላይ ሲጻፍበት ቃሎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይቀበላል። የመጀመሪያው ቃል ሲመጣ በእጁ ይዞ ይቈያል፤ ሁለተኛው ሲደርስ ሁለቱን ባንድነት ይጽፋል። ሁለት ፊርማ ካልተሟላለት ማኅተም የማያሳርፍ ጥንቁቅ ጸሐፊን ይመስላል። አስመሳዩ ግን ይህን ጠባይ አልተማረም፤ የመጀመሪያው ፊርማ እንደ ደረሰ ወዲያው ያትማል። አዲሱ ድራይቨር እንግዲህ የጥንዱን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ይልካል፤ የሚልከውም «የዕቃህ ቁጥር 0000 ይሁን» የሚል ትእዛዝ ነው። ዋናው ቺፕ ሁለተኛውን ግማሽ ሲጠብቅ ትእዛዙ ሳይፈጸም ይቀራል። አስመሳዩ ግን 6001 የነበረውን መታወቂያውን በገዛ እጁ ሰርዞ 0000 ይጽፍበታል። የማስታወሻው የማመሳከሪያ ድምር እንዳይዛነፍም አንድ ተጨማሪ ቃል ተሰልቶ አብሮ ይላካል፤ ስለዚህ ነገሩ በድንገት የደረሰ ነው ለማለት አይቻልም።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው በተሰካ ጊዜ 0000 ነኝ ይላል፤ እንደዚህ ያለ ዕቃ ደግሞ በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ የለም። ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ቢወስዱትም ያው ነው፤ ቁጥሩ የተለወጠው በራሱ በመሣሪያው ውስጥ ነውና። ትናንት ሲመዝን የነበረ ሚዛን ዛሬ ዝም ይላል፤ ባለቤቱም ጥፋቱ ከገመዱ ይሁን፥ ከኮምፒዩተሩ ይሁን፥ ከሚዛኑ ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ማንም የላከለት ማስታወቂያ የለም።

ነገሩ እንደ ታወቀ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ስለ ተቈጡ፥ ድራይቨሩ በዚያው ወር ከማሻሻያው መስመር ተነሣ። የኩባንያው መሪ በሰጡት መግለጫ አስመሳይን የመቃወም አቋማቸው እንደማይለወጥ፥ ወደ ፊት ግን የተጠቃሚው መሣሪያ በማይነካበት መንገድ እንደሚሠሩ አስታወቁ። ኩባንያውን የደገፉም አልጠፉም፤ በፈቃድ ውሉ ላይ ዋናው ያልሆነ ቺፕ በማይመለስ ሁኔታ ሊበላሽ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል አሉ። እውነት ነው፤ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን ሰው ተኝቶ ሳለ በራሱ የሚወርድ ማሻሻያ ውሉን ለማን ያስነብባል?

ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት የሚጽፉ ሰዎች በበኩላቸው 0000 የሚለውን ቁጥር በድራይቨራቸው መዝገብ ውስጥ አስገቡ፤ መታወቂያው የተገፈፈው መሣሪያ በእነርሱ ዘንድ ሥራውን ቀጠለ። በዊንዶውስም ላይ አሮጌውን ድራይቨር መልሶ ቁጥሩን እንደገና 6001 ማድረግ ይቻል ነበር፤ ለዚህ ያገለገለው ፕሮግራም የኤፍ.ቲ.ዲ.አይ. የራሱ ሥራ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። የሆነ ሆኖ ይህን የሚያደርገው የሚያውቅበት ሰው ነው። የማያውቀው መሣሪያውን ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ ምናልባትም ሌላ አስመሳይ።

የማይነካ የተባለው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ታየ። በዚህኛው ድራይቨር መታወቂያው አይሰረዝም፤ ነገር ግን ከመሣሪያው መምጣት በሚገባው መረጃ ፈንታ ዋናው ያልሆነ ዕቃ መገኘቱን የሚናገር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይመጣል። የሚያነብ ሰው ካለ ይህ በእርግጥ ከቀድሞው ይሻላል፤ ምን እንደ ደረሰበት ያውቃል። ቁጥር ብቻ የሚጠብቅ ማሽን ግን ዐረፍተ ነገር ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። የቤት መጫወቻ ከሆነ ይቆማል፤ የፋብሪካ መቈጣጠሪያ ከሆነስ?

በታይዋን የሚገኘው ፕሮሊፊክ የተባለው ኩባንያ ለፒ.ኤል. 2303 ቺፑ ሌላ መንገድ ያዘ። የእርሱ አዲስ ድራይቨር አስመሳይ ሲያገኝ «አልሠራም» ብሎ ይቆማል፤ ዊንዶውስም የስሕተት ቁጥር 10 ብሎ ያስታውቃል። መሣሪያውን አይነካም፤ አሮጌው ድራይቨር ሲመለስ ገመዱም ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህን መልካም እንዳንለው ግን፥ ኩባንያው ራሱ አምርቶ ኋላ ማምረቱን ያቆማቸውን አሮጌ ቺፖች አዲሱ ድራይቨር አይቀበልም። በሙሉ ዋጋ ዋናውን የገዛ ሰው ከአስመሳዩ ገዢ ጋር በአንድ ሰልፍ ቆመ።

የእኛን አስተያየት ለመግለጽ የመንገዱን ሾፌር ምሳሌ እናድርግ። ሰነዱ ያልተስተካከለ ጭነት ሲቀርብለት «አልጭንም» ለማለት መብት አለው፤ ጥርጣሬውንም ለጉምሩክ ሊያመለክት ይገባዋል። ጭነቱን ተቀብሎ በመንገድ ላይ ሣጥኑን ከፍቶ ዕቃውን ለመስበር ግን መብት የለውም፤ ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን በእርግጥ ቢያውቅም እንኳ። ኤፍ.ቲ.ዲ.አይ. ቁጥሩን በሰረዘ ጊዜ ከሳሽም፥ ዳኛም፥ ቅጣት አስፈጻሚም ሆነ። አስመሳዩን የሠራውና የሸጠው ግን በፍርዱ ስፍራ አልነበሩም፤ ገንዘባቸውን ተቀብለው ሄደዋል። ቅጣቱን የተቀበለው በመጨረሻ የተገኘው፥ ከሁሉ ይልቅ ትንሽ የሚያውቀው ገዢ ነው።

በሕግ በኩል ቢታይ በኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክቱ የተሰረቀበትን ሰው መንገድ ወደ ፍርድ ቤት ይመራዋል። ጅቡቲም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢንዱስትሪ ንብረትን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ የኮምፒዩተር ዳታን ሆነ ብሎ መለወጥንና ጥቅም እንዳይሰጥ ማድረግን ወንጀል አድርጎታል። ያልተነበበ የፈቃድ ውል ፈቃድ ሆኖ ይቈጠር ወይስ አይቈጠር የሚለውን ለሕግ ዐዋቂዎች እንተዋለን።

ታዲያ አስመሳዩ በወደቡ በር ላይ ይያዝ ማለት ለአፍ ይቀላል። ወደ ኢትዮጵያ የሚያልፈው ኮንቴይነር እንደ ታሸገ በመኪና ወይም በባቡር ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲጓዝ የጅቡቲ ሹም የሚመለከተው ማኅተሙንና ሰነዱን ነው። ሞጆ ላይ ቢከፈትም በኮንቴይነሩ ውስጥ ሣጥን፥ በሣጥኑ ውስጥ ሚዛን፥ በሚዛኑ ውስጥ ሰሌዳ፥ በሰሌዳውም ላይ ያ 1 ሳንቲሜትር ዕቃ አለ፤ በላዩም ላይ ትክክለኛው ስም ተጽፎበታል። የትኛው ፈታሽ በዓይኑ አይቶ ይለየዋል? ሚዛኑን የገጣጠመው ፋብሪካ እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ ቺፑን የሸጠለት ነጋዴ ከሌላ ነጋዴ ገዝቶታልና። እያንዳንዱ ጥቂት ሳንቲም እየቈጠበ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል።

በዚህ ረጅም ሰንሰለት ውስጥ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ለመጠየቅ ኃይል ያለው የመሥሪያ ቤት የግዢ ሹም ነው። ብዙ ዕቃ ባንድነት ይገዛል፤ የውሉንም ቃል የሚጽፈው እርሱ ነው። «የዩ.ኤስ.ቢ. መገናኛ ያለው» ብሎ የሚያበቃ የጨረታ ሰነድ ዝቅተኛውን ዋጋ ይጋብዛል፤ ዝቅተኛው ዋጋ ደግሞ አስመሳዩን ሊጋብዝ ይችላል። በሰነዱ ላይ የመገናኛው ቺፕ ስም ይጠየቅ፤ ቺፑ ከሠሪው ወኪል መገዛቱን ሻጩ በማስረጃ ያሳይ፤ በድራይቨር መታደስ ምክንያት መሣሪያው ቢቆም ሻጩ በራሱ ወጪ ይተካ የሚል አንቀጽም ይጨመር። ርክክብም ከመፈጸሙ በፊት ከመጣው ዕቃ ጥቂቱን አውጥቶ አዲሱ ድራይቨር በገባበት ኮምፒዩተር ላይ መሞከር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ሳይሠራ ቀርቶ የመጋዘን ሚዛን በሥራ መካከል ሲቆም፥ ጭነት የያዘው ሾፌር በጅቡቲ ፀሐይ ይጠብቃል።

ለቤተሰብም ጥቂት ቃል እንጨምር። እንዲህ ያሉ አስመሳይ ቺፖች ከሚገኙባቸው ዕቃዎች መካከል ተማሪ ልጆች ኤሌክትሮኒክስ የሚለማመዱባቸው አርዱይኖ የተባሉ ሰሌዳዎች ርካሽ ቅጂና የመኪና ጉድለት መመርመሪያ ገመዶች ይገኛሉ። ትናንት ይሠራ የነበረው ሰሌዳ ዛሬ ዝም ሲል አባትና እናት «አበላሸኸው» ብለው ልጁን ከመቈጣታቸው በፊት በዊንዶውስ የመሣሪያዎች መዝገብ ውስጥ መታወቂያውን ይመልከቱ። 0403 ከሚለው ቀጥሎ 0000 ቢያገኙ ልጁ ንጹሕ ነው።

በዚህ ታሪክ ተቈጥተው ማሻሻያን ሁሉ የዘጉ ሰዎች ነበሩ። ከጉዳቱ ሁሉ የሚከፋው ይህ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ላይ የተገኘ አንድ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ፤ በሜይ 12 ቀን ደግሞ ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ያንን ማሻሻያ ያልተቀበሉ ኮምፒዩተሮችን በብዙ አገሮች ወረረ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የሕመምተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያና የድራይቨር ማሻሻያ የተለያዩ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ የመጀመሪያው በራሱ እንዲወርድ ትቶ፥ ሁለተኛው ግን ሳይፈተሽ እንዳይገባ ለማድረግ ይችላል፤ ዊንዶውስም ይህን የሚፈቅድ መምረጫ አለው።

ገመድ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚሄድ አንባቢ ሁለት ቢቀርብለት፥ አንዱ የታላቁን ኩባንያ ስም ይዞ በሚያጠራጥር ርካሽ ዋጋ፥ ሌላውም በዚያው ዋጋ ሲ.ኤች. 340 መሆኑን ሳይደብቅ፥ እኛ ብንሆን ሁለተኛውን እንገዛለን።